ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የትኛውን ማጥናት ይሻላል? የአምስት ሰፈራዎች የንጽጽር መመሪያ

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ የሚታዘዙ ተማሪዎች፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሰፈራዎች አንዱን መርጠው የሕዝቡን የዕለት ኑሮ፣ ሃይማኖትና ኢኮኖሚ እንዲያብራሩ ይጠየቃሉ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ከዚህ ምርጫ ጋር በየዓመቱ ይገናኛሉ። ምርጫው ግን በአብዛኛው የሚደረገው በዝና ነው፤ ስሙ ቀድሞ የተሰማው ሰፈራ ይመረጥና፣ ለተነሣው ጥያቄ የማይሆን መሆኑ የሚታወቀው ጽሑፉ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ቨርጂኒያን፣ ፕሊመዝን፣ ሜሪላንድን፣ ባርቤዶስንና ካሮላይናን በአንድ ዓይነት መመዘኛ እያየ፣ የትኛው ለማን እንደሚሆን ይጠቁማል።

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። እንግሊዞች ራሳቸው እስከ 1752 ድረስ ሕጋዊ አዲስ ዓመታቸውን የሚጀምሩት ማርች 25 ቀን ስለነበር፣ በጥንቱ ሰነድ ላይ የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ቀናት ባለፈው ዓመት ቁጥር ተጽፈው ይገኛሉ። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መኖር ለለመደ አንባቢ ይህ አያስቸግርም፤ ሰነዱን በቀጥታ የሚጠቅስ ተማሪ ግን ሊጠነቀቅ ይገባል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ማስረጃ ነው፤ ዝርዝር ቆጠራ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የውርስ ሰነድ ወይም የቁፋሮ ውጤት ከሌለ ስለ ዕለት ኑሮ የሚጻፈው ሁሉ ግምት ይሆናል። ሁለተኛው ሰፈራው ወደ ውጭ የሚሸጠው ምርትና የትርፉ መድረሻ ሲሆን፣ ሦስተኛው ምርቱን ያመረተው ሰው በምን ሁኔታ ይሠራ እንደነበር ነው። አራተኛው ሃይማኖትን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን በግድ ማን ይገባ እንደነበር ብቻ ሳይሆን፣ ከደጃፉ ማን ይከለከል እንደነበርም መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው የተግባር ጉዳይ ነው፤ ቦታው በመኪና ይደረስበታል ወይስ የአውሮፕላን ትኬት ይጠይቃል የሚለው።

እነዚህ እኩል ክብደት የላቸውም። እንደኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የሠራተኛው ጉዳይ ነው፤ የሰፈሩ አቀማመጥ፣ የሚበላው ምግብ፣ የካህኑ ደመወዝ፣ የጥምቀት ሕግ እንኳ ሳይቀር መሬቱን ማን ይቆፍር ከነበረው ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ቨርጂኒያ፦ ጥሩ ማስረጃ፣ ሰፊ ታሪክ

በሜይ 1607 በጄምስታውን የሰፈሩትን 104 ወንዶችና ልጆች የላካቸው፣ ከንጉሡ ቻርተር (የፈቃድ ሰነድ) ተቀብሎ ትርፍ ፍለጋ ገንዘብ ያዋጣው የለንደን ባለአክሲዮኖች ኩባንያ ነበር። ወርቅ ተፈለገ፣ አልተገኘም፤ የመስታወት ሥራም ተሞክሮ አላዋጣም። የዛፍ ቀለበቶች እንደሚያሳዩት አካባቢው ከ1606 እስከ 1612 በከባድ ድርቅ ተመትቶ ስለነበር፣ ከነባሩ የፓውሃታን ሕዝብ ጋር የነበረው የእህል ልውውጥ ወደ ግጭት ተለወጠ፤ የሚጠጣውም የወንዝ ውኃ ጨዋማ ነበር። በ1609 መጨረሻ በምሽጉ ከታፈኑት 300 ያህል ሰዎች መካከል በ1610 ጸደይ በሕይወት የተገኙት 60 ገደማ ናቸው። በዚያ ክረምት የሰው ሥጋ እንደተበላ የጽሑፍ ምስክሮች ከጥንት ጀምሮ ይናገሩ ነበር፤ በ2012 በቁፋሮ የተገኘው የአንዲት የ14 ዓመት ገደማ ልጃገረድ አፅም ይህንኑ አረጋግጧል።

ሰፈራውን ያዳነው ትምባሆ ነው። ጆን ሮልፍ ከ1612 ገደማ ጀምሮ ከስፔን ግዛቶች የመጣ ዘር ከሞከረ በኋላ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጄምስታውን መንገድ ዳር ሳይቀር ትምባሆ ተተከለበት። ለአንድ ሰው የመርከብ ጉዞ ለከፈለ ሁሉ 50 ኤከር፣ በእኛ ልኬት የግማሽ ጋሻ ያህል መሬት ይሰጥ ነበር፤ መሬቱ የሚሰጠው ለከፈለው እንጂ ለመጣው ሠራተኛ ስላልነበረ፣ ብዙ አገልጋይ ያስመጣ ሰው ብዙ መሬት ይሰበስባል። ድሃው እንግሊዛዊ ለጉዞው ዋጋ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት በውል ያገለግላል። ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ ችግኝ ያፈላል፣ በጉብታ ላይ ያዛውራል፣ ጫፉን ይቀነጥባል፣ ትሉን በእጁ ይለቅማል፣ በበጋው መጨረሻ ቆርጦ በጎተራ ውስጥ ይሰቅላል፣ ከዚያም በትልልቅ በርሜል ይጠቀጥቃል። በመጀመሪያው በጋ በወባና በተቅማጥ የሚሞተው ብዙ ነበር፤ ለዓመታት በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲላክ ቆይቶ፣ በ1625 መጀመሪያ በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ 1,200 ያህል ብቻ ነው። ሴቶች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ ኩባንያው ከ1620 ጀምሮ ልጃገረዶችን ይልክ ነበር፤ የሚያገባቸው ሰው ለጉዟቸው ከ120 እስከ 150 ፓውንድ ትምባሆ ይከፍላል።

ሃይማኖቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1610 እና በ1611 የወጣው ወታደራዊ ሕግ ሰንበትን ያፈረሰ ሰው በመጀመሪያው ጥፋት የሳምንት ቀለቡን እንዲያጣ፣ በሁለተኛው እንዲገረፍ፣ በሦስተኛው በሞት እንዲቀጣ ያዝዛል። ይህ ጥብቅነት ግን አልዘለቀም፤ ያላዘለቀውም ያው ትምባሆ ነው። መርከቦቹ በወንዞቹ ላይ እየሄዱ ከእያንዳንዱ እርሻ ደጃፍ ስለሚጭኑ ከተማ አላስፈለገም፤ ሰዉ ተበታትኖ ሰፈረ፤ አንዱ አጥቢያ ለአንድ ቄስ የማይዳረስ ሆነ። ስለዚህ ጋብቻውም ቀብሩም በየቤቱ ይፈጸም ጀመር። የቄሱን ቅጥር የሚወስነው ከባለጸጎች የተውጣጣው የአጥቢያ ጉባኤ ሲሆን፣ በ1696 ሕግ የተወሰነለት ደመወዝ በዓመት 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ነበር። የትምባሆ ዋጋ ሲወድቅ የካህኑም ኑሮ አብሮ ይወድቃል።

ቨርጂኒያን ከሌሎቹ የሚለየው ባርነት ደረጃ በደረጃ ሕግ ሲሆን በሰነድ መከታተል መቻሉ ነው። በኦገስት 1619 መጨረሻ ከአንጎላ ተማርከው በፖርቱጋል መርከብ ሲጓዙ በባሕር ላይ የተዘረፉ ከ20 በላይ አፍሪካውያን በፖይንት ኮምፎርት ወረዱ፤ የመጀመሪያው የቅኝ ግዛቱ የሕግ ጉባኤ በጄምስታውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተሰበሰበ አንድ ወር ያህል ቢሆነው ነው። በ1640 ሦስት አገልጋዮች አብረው ጠፍተው ተያዙ፤ ሁለቱ አውሮፓውያን አራት ዓመት ሲጨመርባቸው፣ አፍሪካዊው ጆን ፓንች ዕድሜውን ሙሉ እንዲያገለግል ተፈረደበት። በ1662 ልጅ የእናቱን ሁኔታ እንዲከተል ተደነገገ፤ በ1667 ደግሞ ጥምቀት ከባርነት ነፃ እንደማያወጣ ታወጀ። ይህ የመጨረሻው ሕግ ስለ ቨርጂኒያ ሃይማኖት ከብዙ ስብከት የበለጠ ይናገራል።

ደካማ ጎኑ ስፋቱ ነው። በ1607 ጀምሮ በ1776 የሚጨርስ የተማሪ ጽሑፍ ምንም ሳይናገር ያልቃል፤ ከ1607 እስከ 1625 ወይም ከ1660 እስከ 1705 ያለውን ብቻ መውሰድ ይበጃል። ብዙ የፍርድ ቤት መዛግብት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቃጠላቸውንም ማሰብ ይገባል። ለጉብኝት ከዋሽንግተን አካባቢ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ሁለት ቦታዎችን ያምታታልና ትኬት ከመግዛት በፊት መለየት ያስፈልጋል። «ሂስቶሪክ ጄምስታውን» ቁፋሮው የሚካሄድበት እውነተኛው ቦታ ሲሆን፣ «ጄምስታውን ሴትልመንት» ግን አጠገቡ ያለ፣ ምሽጉና መርከቦቹ እንደገና ተሠርተው የሚታዩበት ሙዚየም ነው። ለትንንሽ ልጆች ሁለተኛው፣ ለአንባቢ አዋቂ የመጀመሪያው ይሻላል።

ፕሊመዝ፦ ዝነኛው፣ ግን ሌሎቹን የማይወክለው

በ1620 መጨረሻ በሜይፍላወር መርከብ የመጡት 102 መንገደኞች ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት አለቁ። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት አማኞች የመንገደኞቹ ከፊል ብቻ ነበሩ። ጉዞውን በገንዘብ የደገፉት የለንደን ነጋዴዎች ንብረቱና ትርፉ ለሰባት ዓመት በጋራ እንዲቆይ ተዋውለው ነበር፤ በ1623 ለየቤተሰቡ የበቆሎ መሬት ሲደለደል ግን ሰው በትጋት መሥራት እንደጀመረ ገዥው ዊልያም ብራድፎርድ ጽፏል። በ1627 ጥቂት መሪዎች የ1,800 ፓውንድ ስተርሊንግ ዕዳ በራሳቸው ላይ ወሰዱ፤ ከፍለው እስኪጨርሱ 20 ዓመት ያህል ፈጀ። ለዕዳው የላኩት በዋናነት የቢቨር ቆዳ ነው፤ ሰፊ እርሻም ሆነ ባሕር ማዶ የሚሸጥ አዝመራ አልነበራቸውም።

የዕለት ኑሮው በቤተሰብ ላይ የቆመ ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች፣ አንዳንዴም አንድ አገልጋይ። በቆሎን በዓሣ አዳብረው መትከልን ያስተማራቸው የፓተክሰት ተወላጁ ቲስኳንተም ነው። በዓል ለበዛበት የእኛ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚያስገርመው ሃይማኖታቸው ይሆናል፦ ገናም ፋሲካም አያከብሩም፣ ጋብቻን የሚያስፈጽመው ቄስ ሳይሆን ዳኛ ነው፣ ጾምና የምስጋና ቀን የሚታወጀው እንደ አጋጣሚው ነው። በ1621 የገና ዕለት አዲስ መጤዎች ሥራ ትተው በመንገድ ሲጫወቱ ብራድፎርድ መጫወቻቸውን ቀምቷቸዋል። ለብዙ ዓመታት የተሾመ ካህን ስላልነበራቸው ሽማግሌው ዊልያም ብሩስተር ያስተምር ነበር እንጂ ቁርባን አይሰጥም ነበር።

ማስረጃው ጥሩና በነፃ የሚገኝ ነው፤ ይሁን እንጂ የታንክስጊቪንግ መነሻ የሚባለው ዝነኛው የ1621 የመከር ግብዣ ራሱ የቆመው በጥቂት መስመሮች ላይ ነው። ይህን ሰፈራ የሚመርጥ ተማሪ «የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ኢኮኖሚ እንዲህ ነበር» ብሎ እንዳይደመድም እመክራለሁ፤ ከአምስቱ በጣም የተለየው ይኸኛው ነውና። ቦታው በማሳቹሴትስ ስለሆነ ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚነሣ ሰው የአዳር ወጪ አለው።

ሜሪላንድ፦ ለሃይማኖት ጥያቄ የሚመረጠው

ቻርተሩ ለሁለተኛው ሎርድ ባልቲሞር ለሴሲል ካልቨርት የተሰጠው በ1632 ነው፤ በእኛ ታሪክ ዐፄ ሱስንዮስ የተዋሕዶ እምነት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የተዉበት ዓመት። ፋሲል ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የተባሉትን የካቶሊክ ማኅበር ካህናት ከኢትዮጵያ በሚያስወጡበት ጊዜ ገደማ፣ የዚያው ማኅበር ካህን አንድሩ ዋይት ማርች 25 ቀን 1634 በብሥራት በዓል በቅዱስ ክሌመንት ደሴት ቀደሰ። ካቶሊክ የሆነው ባለቻርተር ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ፕሮቴስታንት እንደሚሆኑ ስላወቀ፣ ካቶሊኮቹ ሥርዓታቸውን በግላቸው እንዲፈጽሙ፣ በአደባባይ ስለ ሃይማኖት እንዳይከራከሩ አዘዘ።

የ1649ኙ የመቻቻል ሕግ ከዚህ የወጣ ነው። ሰውን «መናፍቅ» ብሎ የሰደበ 10 ሺሊንግ ይቀጣል፤ በሥላሴ የሚያምን ሁሉ አይረበሽም፤ ሥላሴን የካደ ግን በሞት ይቀጣል። በ1658 ጄከብ ሉምብሮዞ የተባለ አይሁዳዊ ሐኪም በዚህ ሕግ ተከሶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሕጉ በ1654 ተሽሮ ኋላ ተመለሰ፤ ከ1689ኙ የፕሮቴስታንቶች ዐመፅ በኋላ ነገሩ ተገልብጦ በ1704 በሴንት ሜሪስ ሲቲ፣ በቅኝ ግዛቱ የመጀመሪያ ዋና ከተማ፣ የነበረው የካቶሊክ ቤተ ጸሎት በመንግሥት ትእዛዝ ተቆለፈ። መቻቻል ከበጎ ፈቃድ ይልቅ ከኃይል ሚዛን እንደሚወለድ ማሳየት ለሚፈልግ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በኢኮኖሚው ሜሪላንድ ከቨርጂኒያ ብዙም አይለይም። ግብሩም ቅጣቱም ዕዳውም በትምባሆ ይከፈላል፤ ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ሆኖ ቶሎ ይበሰብሳል። ውሉን የጨረሰ አገልጋይ ልብስ፣ መጥረቢያ፣ ዶማና በቆሎ ተሰጥቶት ይሰናበታል፤ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት እንዲህ ያለው ሰው ባለመሬት፣ አልፎም የጉባኤ አባል ሊሆን ይችል ነበር። ከኢየሱሳውያን ጋር በውል አገልጋይነት የመጣው ባለ አፍሪካና ፖርቱጋል ዝርያው ማታያስ ደ ሱዛ በ1642 በጉባኤው ተቀምጧል። በር የተዘጋው ኋላ ነው፤ በ1664 የዕድሜ ልክ ባርነት ተደነገገ፤ ኢየሱሳውያኑም ራሳቸው ባሪያ ያላቸው ባለእርሻዎች ሆኑ፤ በ1838 የሸጧቸው 272 ሰዎች ታሪክ ከሽያጩ ገንዘብ የተጠቀመውን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን እስከ ዛሬ ያነጋግራል። የሜሪላንድ መዛግብት በሚገባ ተጠብቀው በበይነ መረብ በነፃ ይነበባሉ፤ ሴንት ሜሪስ ሲቲም ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ባርቤዶስ፦ የሚዘለለው፣ ሊዘለል የማይገባው

ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች፣ እንግሊዞች በ1627 የሰፈሩባት ይህች ደሴት በአሜሪካ መማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ አትጠቀስም፤ ዛሬ የአሜሪካ አካል ስላልሆነች ነው እንጂ ስለማትጠቅም አይደለም። መጀመሪያ የተተከለው ትምባሆ ጥራት አልነበረውም፤ ጥጥም ተሞክሯል። በ1640ዎቹ በደቾች (በሆላንዶች) ከተያዘው የብራዚል ክፍል የተማሩት የሸንኮራ አገዳ ሥራ ግን ደሴቲቱን በአንድ ትውልድ ገለበጣት።

ስኳር እንደ ትምባሆ አይደለም። የተቆረጠ አገዳ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ እርሻው፣ ወፍጮው፣ የማፍያ ቤቱ፣ የማጣሪያ ቤቱና የሩም መጥመቂያው በአንድ ግቢ ሆነው ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይሠራሉ። የእጁ ጣት በመጭመቂያው የተያዘበትን ሰው ክንዱን ቆርጦ ለማትረፍ መጥረቢያ በአቅራቢያው ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለመትከል ትልቅ ካፒታል ስለሚያስፈልግ ትንንሽ ገበሬዎች እየሸጡ ወጡ፤ በ1680 ቆጠራ 175 ያህል ታላላቅ ባለእርሻዎች ከደሴቲቱ መሬትና በባርነት ከተያዙት ሰዎች ከግማሽ በላዩን ይዘው ይገኛሉ። በዚያ ጊዜ ነጮቹ 20,000 ያህል፣ በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን ከ38,000 በላይ ነበሩ። መሬቱ ሁሉ ለአገዳ ስለዋለ ምግብ ከውጭ ይመጣል፤ ለሠራተኞቹ ከሚሰጠው ውስጥ የኒው ኢንግላንድ ዓሣ አጥማጆች ለሌላ ገበያ የማይሆን ያሉት ጨው የተነሰነሰበት ዓሣ ይገኝበታል። ሰሜኑ፣ ሰንበትን አጥብቆ ይጠብቅ የነበረው አገር፣ ኑሮው ከስኳሩ ደሴት ጋር የተያያዘው በዚህ መንገድ ነው።

ሃይማኖቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ደሴቲቱ በ11 አጥቢያዎች ተከፍላለች፤ በብሪጅታውን የአይሁድ ምኩራብም ነበረ። ባለእርሻዎቹ ሠራተኞቻቸው እንዳይጠመቁ ይቃወሙ ነበር፤ ኩዌከር የተባሉት የፕሮቴስታንት ወገን አማኞች አፍሪካውያንን ወደ ጸሎት ስብሰባቸው ማምጣት ሲጀምሩ በ1676 በሕግ ተከለከሉ። የ1661ዱ የባሪያ ሕግ በጃማይካና በደቡብ ካሮላይና ተቀድቷል፤ ባርቤዶስን ያላነበበ ሰው የእነዚያን ሕግ ምንጭ አያገኝም።

ችግሩ ማስረጃውን የጻፉት ጌቶቹ መሆናቸው ነው። የሠራተኞቹን ሕይወት የሚመሰክረው በዋናነት አፅም ነው፤ በኒውተን እርሻ 570 ያህል ሰዎች የተቀበሩበት መካነ መቃብር በቁፋሮ ተጠንቷል። ጉዞው በአውሮፕላን ነው፤ ማንበብ ብቻ ለሚበቃው ግን ወጪ የለውም።

ካሮላይና በአጭሩ

ቻርለስ ታውን በ1670 ከተቆረቆረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመጡት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ የባርቤዶስ ሰዎች ናቸው። የ1669ኙ መተዳደሪያ ሰባት ሰዎች ተስማምተው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያቆሙ ሲፈቅድ፣ በዚያው ሰነድ ነፃ ሰው በባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን እንዲኖረው ያደርጋል። ከአጋዘን ቆዳና ከነባር ሕዝቦች ምርኮኛ ንግድ በኋላ ሩዝ ዋናው ምርት ሆነ፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የምዕራብ አፍሪካ ገበሬዎች ዕውቀት ድርሻ እንዳለው ይቀበላሉ። በ1708 ጥቁሮች በቁጥር በለጡ። ባርቤዶስን ካነበቡ በኋላ ቢነበብ ይገባል፤ ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ አልመርጠውም።

በሠንጠረዥ ሲታይ

| ሰፈራ | ጅማሬ | ዋና ምርት | ሠራተኛው | ሃይማኖቱ | ማስረጃው | የጉብኝት ወጪ (ከዋሽንግተን አካባቢ) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቨርጂኒያ | 1607 | ትምባሆ | የውል አገልጋይ፣ ኋላ በባርነት የተያዘ | የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን | የበለጸገ፣ ግን የተቃጠለ አለው | መካከለኛ |
| ፕሊመዝ | 1620 | የቢቨር ቆዳ፣ በቆሎ ለቤት | ቤተሰብ | የተለዩ አማኞች | ጥሩ፣ በነፃ የሚገኝ | ከፍተኛ |
| ሜሪላንድ | 1634 | ትምባሆ | የውል አገልጋይ፣ ኋላ በባርነት የተያዘ | ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በውጥረት | እጅግ ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ባርቤዶስ | 1627 | ስኳር | በባርነት የተያዘ | የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ኩዌከር፣ አይሁድ | የጌቶች ሰነድና ቁፋሮ | በጣም ከፍተኛ |
| ካሮላይና | 1670 | ሩዝ፣ ቆዳ | በባርነት የተያዘ | የተደባለቀ፣ ከ1706 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን | መካከለኛ | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

አጭር ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፣ ጊዜውም ገንዘቡም የተወሰነ ተማሪ ከ1660 እስከ 1705 ያለውን ቨርጂኒያ ይውሰድ፤ ሕጎቹ አጫጭርና በነፃ የሚነበቡ ናቸው፣ ክርክሩም ግልጽ ነው። ቤተሰብን፣ ሴቶችንና የልጆችን አስተዳደግ ማጥናት ለሚፈልግ ፕሊመዝ ይሻላል፤ በትምባሆው አገር ሞት ቤተሰብን ቶሎ ስለሚበትን እንዲህ ያለ ሙሉ ሥዕል አይገኝም። አንድ ቅዳሜ ብቻ ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ሴንት ሜሪስ ሲቲ ቢወስዱ የትምባሆ እርሻውንም፣ በጥንቱ መሠረት ላይ እንደገና የታነጸውን የጡብ ቤተ ጸሎትም በአንድ ቀን ያያሉ። ወጪ የማይፈልጉ ደግሞ አፍሪካውያኑ በ1619 የወረዱበትን፣ ዛሬ በሃምፕተን ከተማ ፎርት መንሮ የሚባለውን ስፍራ መግቢያ ሳይከፍሉ መጎብኘት ይችላሉ። ስለ ንግድና ስለ ካፒታል የሚጠይቅ አንባቢ ያለ ማመንታት ከባርቤዶስ ይጀምር።

በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በንባብ ክበብ የሁለት ሰዓት ውይይት ብቻ የሚመራ መምህር አንድ ሰፈራ መምረጥ አያስፈልገውም፤ የሜሪላንድን የ1649 ሕግ፣ የቨርጂኒያን የ1667 ሕግና የባርቤዶስን የ1676 ሕግ በየአንድ ገጽ አሳጥሮ ያድል፣ ተሳታፊዎቹም እያንዳንዱ ሕግ በወጣበት ዓመት ትምባሆውን ወይም አገዳውን ማን ይቆርጥ እንደነበር በየሕጉ ጎን እንዲጽፉ ያድርግ።